ሰው ሳይሞት የወጣ ድንኳን

አታምኑኝም። ከወዲሁ እነግራችኋለሁ፣ አታምኑኝም! ብዋሽ ጥርሴ አንድ ባንድ ይርገፍ፤ የቀሩኝ ሁለት ናቸው፣ በሁለቱም እምላለሁ። እኔ ትምህርት የተማርኩት ከአጥር ውጭ ሆኜ በቀዳዳ ነው። ያን ቀን በጉድባ ሜዳ ትምህርት ቤት የሆነውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዓይኔ ደግሞ እንደ ምላሴ አይደለም፣ አይዋሽም።

መምህርት እንጉዳይ የምትባል የሳይንስ አስተማሪ አለችን። ከመቅጠኗ የተነሳ ነፋስ ሲነሳ ተማሪዎቿ ቀሚሷን ይይዙላታል። ይህች ሴት ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው ልብ በጠመኔ ስትስል ኖረች፤ ተማሪዎቹም ሦስት ዓመት ሙሉ ድንች መሰላቸው። አምና ፈተና ላይ «ልብ ምን ይሆናል?» ብላ ብትጠይቅ፣ ከስልሳው አርባው «ይቀቀላል» ብለው ጻፉ። አስተማሪዋ አለቀሰች። እኔ በቀዳዳው በኩል ሳቅሁ፤ ግን አንጀቴን በላችኝ።

ስለዚህ ምኞቷ ትንሽ ናት፦ ልጆቹ የሚመታ ልብ አንዴ በዓይናቸው ይዩ። በቃ።

ለሰባት ትምህርት ቤት አንድ ፕሮጀክተር አለ፤ እንደ ማኅበር ጽዋ በተራ ይዞራል። የኛ ተራ በዓመት አንድ ጠዋት ናት። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ማሽኑ አህያ ላይ ተጭኖ ወንዝ ይሻገራል፤ በዓመቱ ሲመለስ እነዚያ ስልሳ ልጆች ክፍሉን ለቀው ሄደዋል፣ ልብን ቀቅለው እንደበሉ!

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኑ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ግድግዳው ኖራ ተቀብቷል። መብራትም፣ ይህንንም አታምኑም፣ ነበረ።

«በል እንግዲህ፣ ልቡን አሳየን» አለችው መምህርት እንጉዳይ።

ማሽኑ ዙዙዙ ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። «አላሳይም» አለ። «ክፍሉ ውስጥ ፀሐይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። እኔና ፀሐይ አንድ ቤት አናበራም። መስኮቱን አጨልሚልኝ።»

ማሽን ልብ አያሳይም፤ ስድስት ሰዓት ግን ይመጣል!

ወደ መስኮቱ ሄደች። «አንተ መስኮት፣ ጨልምልኝ፤ ማሽኑ ልብ አላሳይም አለ።»

«አልጨልምም» አለ መስኮቱ። «መዝጊያዬን ካቻምና ነቅላችሁ የሰሌዳ እግር አደረጋችሁት። ራቁቴን ነኝ።»

አንዷ ተማሪ ነጠላዋን ልታለብሰው ሞከረች። «ተይ ልጄ» አላት፣ «እኔ ስድስት መስኮት ነኝ፤ በነጠላ ጆሮዬም አይሸፈን። የእድሩን ድንኳን አልብሱኝ።»

መስኮት አይጨልምም፤ ማሽን ልብ አያሳይም፤ ስድስት ሰዓት ግን ይመጣል!

መምህርት እንጉዳይ ከፊት፣ ስልሳ ልጅ ከኋላ፣ ወደ እድሩ ቤት። በሩ ተቆልፏል፤ ድንኳኑ በስንጥቁ አሾልቆ አየን።

«አንተ ድንኳን፣ ውጣልን፤ መስኮቱ አልጨልምም አለ፣ ማሽኑ ልብ አላሳይም አለ።»

«አልወጣም» አለ ድንኳኑ። «እኔ የምወጣው ሰው ሲሞት ነው። ሃያ ዓመት ሳገለግል አንድ ቀን ለሳቅ ወጥቼ አላውቅም። ዳኛው ይዘዙኝ።»

ድንኳን ከቤት አይወጣም፤ መስኮት አይጨልምም፤ ማሽን ልብ አያሳይም፤ ስድስት ሰዓት ግን ይመጣል!

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደርሰህ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ስልሳ ሕፃን ሲመጣ ሲያዩ ቆባቸውን አወለቁ።

«ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም፣ ጋሽ ደርሰህ። እንደምን አደሩ።»

«እግዜር ይመስገን። ማን ነው ታዲያ ያጣጣረው?»

«ማንም አላጣጣረም። ድንኳኑን ፈልገን ነው። ልብ ልናይበት።»

«የማንን ልብ?»

«የማንንም አይደለም፣ እንዲሁ የሰው ልብ።»

«ባለቤት የሌለው ልብ!» አሉና አማተቡ። «ስሚኝ ልጄ፤ ቁልፍ ያዧ ወለላ ቁልፏን ይዛ ፊቴ ካልቆመች አላዝም። የእድር ሕግ ነው። ሕጉን ያወጣሁት ራሴ ነኝ፤ ልጥሰው ብፈልግ እንኳ እኔ አልፈቅድልኝም!»

ጋሽ ደርሰህ አያዙም፤ ድንኳን ከቤት አይወጣም፤ መስኮት አይጨልምም፤ ማሽን ልብ አያሳይም፤ ስድስት ሰዓት ግን ይመጣል!

እትዬ ወለላ በቆሎ ማሳቸው መሀል፣ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ተቀምጠዋል። ማማው ከመርዘሙ የተነሳ መልሳቸው እስኪወርድ ሁለት ልጅ አደገ።

«እትዬ ወለላ፣ ይውረዱልን! ጋሽ ደርሰህ አላዝም አሉ፣ ድንኳኑ አልወጣም አለ፣ መስኮቱ አልጨልምም አለ፣ ማሽኑ ልብ አላሳይም አለ።»

«አልወርድም!» አሉ። «ቁልፉ ያለው ወገቤ ላይ፣ ወገቤ ያለው ማማው ላይ።»

«ይወርውሩልኝና እኔ ልክፈተው!»

«ቁልፍ ያዥ በእጇ ነው የምትከፍት። ደግሞስ ያንን አታዪም? አርባ ዝንጀሮ ገደል አፋፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ተሰብስቦ እኔን ይጠብቃል። እግሬ መሬት ሲነካ የነሱ እጅ በቆሎ ይነካል። እነሱን አስነሺልኝ፣ እኔም እነሳለሁ።»

እትዬ ወለላ ከማማ አይወርዱም፤ ጋሽ ደርሰህ አያዙም፤ ድንኳን ከቤት አይወጣም፤ መስኮት አይጨልምም፤ ማሽን ልብ አያሳይም፤ ስድስት ሰዓት ግን ይመጣል!

ወደ ዝንጀሮዎቹ ሄደች፤ ቆራጥ ሴት ናት። «እባካችሁ ከዚህ ማሳ ሂዱልን» አለች።

አለቃቸው ጎፈሩን አበጠረ። «አንሄድም። ሰው አንፈራም። እኚህ ሴትዮ ከሰኔ ጀምረው ሲሰድቡን ከርመዋል፤ አሁን ስድባቸውን እኛው ቀድመን እንጨርስላቸዋለን። ውሻ ካመጣሽ ግን እንሄዳለን። ውሻ እናከብራለን።»

ዝንጀሮ ማሳ አይለቅም፤ እትዬ ወለላ ከማማ አይወርዱም፤ ጋሽ ደርሰህ አያዙም፤ ድንኳን ከቤት አይወጣም፤ መስኮት አይጨልምም፤ ማሽን ልብ አያሳይም፤ ስድስት ሰዓት ግን ይመጣል!

አምስት ሰዓት ሆኗል። ሮጠው ወደ ትምህርት ቤት ተመለሱ። የዘበኛው ውሻ አንበሴ ከባንዲራው ሥር ተጋድሟል።

«አንበሴ፣ ተነስ፣ ጩህባቸው!»

አንበሴ አንድ ዓይኑን ከፈተ። «አልጮህም» አለ። «በትምህርት ሰዓት እንዳትጮህ ብለሽ ዓመት ሙሉ በጠመኔ የወገርሽኝ አንቺ አይደለሽም? ተምሬያለሁ። ከዚህ ሁሉ ልጅ ትምህርት የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ።»

መምህርት እንጉዳይ ጠመኔዋን ኪሷ ውስጥ ደበቀች። እውነቱን ነዋ!

ውሻ በትምህርት ሰዓት አይጮህም፤ ዝንጀሮ ማሳ አይለቅም፤ እትዬ ወለላ ከማማ አይወርዱም፤ ጋሽ ደርሰህ አያዙም፤ ድንኳን ከቤት አይወጣም፤ መስኮት አይጨልምም፤ ማሽን ልብ አያሳይም፤ ስድስት ሰዓት ግን፣ አቤት አመጣጡ፣ ሲጋልብ ይመጣል!

የክፍሉ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። ባንቺአምላክ የምትባል ተማሪ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ቲቸር፣ በቃ በጠመኔ ሳዪልን። ድንች ነው አንልም፣ እንምላለን።»

«አይዞሽ፣ ገና አልመሸም» አለችና ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ከፈተች። ያዘጋጀችውን ትምህርት ለልጅቷ ልታሳያት ነው። ሁለት ሳምንት ሳትተኛ የለፋችበት ነው፤ አርባ ሰባት ገጽ! እያንዳንዱ ገጽ ላይ መቶ መስመር ጽሑፍ፣ ዳር ዳሩን አበባ፣ መሀሉን ቢራቢሮ። ፊደሎቹ አይቀመጡም፤ አንዱ ከቀኝ እየተንከባለለ ይመጣል፣ አንዱ ከላይ ይዘንባል፣ አንዱ እንደ እንዝርት ይሾራል። የመጀመሪያውን ገጽ ጫን አደረገችው። ድምፅ ማጉያው እንደተሰካ ረስታዋለች።

ነጎድጓድ! «ል» ተንከባልላ መጣች። ሌላ ነጎድጓድ! «ብ» ተከተለቻት። ከዚያ የሺህ ሰው ጭብጨባ!

አንበሴ በተኛበት ሦስት ክንድ ወደ ላይ ተነሳ። ፀጉሩ ቆመ። መሬት ሳይነካ፣ አጥሩን ሳያይ፣ እየጮኸ በበቆሎው ማሳ አቅጣጫ በረረ። እስከ ዛሬ እግሩ ያረፈበትን ቦታ የሚያሳይ አላገኘሁም።

እንግዲህ ያዙልኝ! ውሻው በትምህርት ሰዓት ጮኸ፤ ዝንጀሮ ማሳ ለቀቀ፤ እትዬ ወለላ ከማማ ወረዱ፤ ጋሽ ደርሰህ ቁልፏን በዓይናቸው አይተው አዘዙ፤ ድንኳን ከቤት ወጣ፤ ስልሳ ልጅ ተሸከመው፤ መስኮት ለበሰ፤ ክፍሉ ጨለመ፤ ፀሐይም እግሯን ሰብስባ ሄደች!

ለስድስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ።

«ቲቸር፣ ቲቸር፣ ያቺን የምታንጎዳጉደዋን አሳዪን!» አሉ ልጆቹ።

መምህርት እንጉዳይ ላፕቶፗን አየች። አርባ ሰባት ገጽ። አሥራ አምስት ደቂቃ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሜ ስሰማት እንዲህ አለች፦ «ይህ ለውሻ ነው የሠራው። ለእናንተ ሌላ አለኝ።» አበባውን አጠፋች። ቢራቢሮውን አባረረች። ጭብጨባውን ዝም አሰኘች። አርባ ስድስቱን ገጽ እንደ እንክርዳድ ነቅላ ጣለች። ሁለት ሳምንት እንቅልፏ ነበር እኮ! አንዲት ገጽ ቀረች፤ እሷም ላይ ያለውን ፊደል ሁሉ ጠረገችው፤ የሚመታ ልብ ብቻ።

ማሽኑ ልቡን አሳየ። ልቡ የግድግዳውን ግማሽ ያዘ፣ የበሬ በረት ያህላል። ዱብ! ዱብ!

ልጆቹ ወደ ኋላ ሸሹ።

«እጃችሁን ደረታችሁ ላይ» አለች። ስልሳ እጅ ስልሳ ደረት ላይ። እኔም አደረግሁ፤ ለካ እኔም አለኝ! ከዚያ ድንገት ሥዕሉን አቆመችው። ልቡ እንደተጨበጠ ቀረ።

«አሁን ደሙ ወዴት ይሄዳል? አትንገሩኝ፣ በጣታችሁ አሳዩኝ።»

ግማሹ ወደ ላይ፣ ግማሹ ወደ ታች። ጎረቤት ከጎረቤት ተጣላ። «ወደ ላይ ነው፣ አንተ ደደብ!» «ወደ ታች ነው፣ አባትህን ጠይቅ!» አሟገተቻቸው፣ ምክንያታቸውን አስነገረቻቸው፣ ከዚያ ሥዕሉን ለቀቀችው። ደሙ ወደ ላይ ተፈናጠረ። ግማሹ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ወጣ፤ ግማሹ «ድገሚልን፣ አልታየንም!» አለ። ደገመችላቸው። እንደገና አቆመች፣ እንደገና ጠየቀች። በሦስተኛው የሚሳሳት ጣት ጠፋ።

«ቲቸር፣ ስተኛም ይመታል?» አለች ባንቺአምላክ።

«ስትተኚም።»

«ማን ይቀሰቅሰዋል?»

«እሱ ተኝቶ አያውቅም።»

ልጅቷ እጇን ከደረቷ ላይ አላነሳችም።

እንግዲህ ውስጡ ይህ ሲሆን ውጭው ሌላ ነው። በጉድባ ሜዳ የእድር ድንኳን ከወጣ ማንም «ለምን?» አይልም፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ አያ ሽበሺ ድንኳኑ በስልሳ ልጅ ትከሻ ሲሄድ አየ። ሬሳ ከጥሩምባው ቀደመ ብሎ አፈረ፤ የሟቹን ስም እንኳ ሳይጠይቅ ተራራ ላይ ወጥቶ ነፋው። ሦስት ቀበሌ ሰማ። ሞፈር ተጣለ፣ ገበያ ተፈታ። ወንድም የሌለው «ወንድሜን!» እያለ፣ እህት የሌላት «እህቴን!» እያለች፣ ደረቱን የሚመታው ደረቱን እየመታ ትምህርት ቤቱን ከበበው። ጋሽ ደርሰህም አብረው ያለቅሱ ነበር፤ ያዘዙት ራሳቸው መሆናቸውን ልቅሶው አስረስቷቸው።

«ኧረ ማን ነው? ኧረ ማንን ነው?»

መምህርት እንጉዳይ በሩን ገርበብ አደረገች። «ግቡ፣ ግቡ፣ ስድስት ደቂቃ አለን። ጎንበስ በሉ፣ ከኋላ ያሉት አይታያቸውም።»

ልቅሶው እየተጋፋ ጨለማው ውስጥ ገባ። ቀና አለ። ግድግዳው ላይ የበረት ያህል ልብ፣ ቀይ፣ ሕያው፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። «ወንድሜን» የሚለው «ወን» ላይ ቀረ። ከዚያ ከመሀል አያ ሽበሺ ጥሩምባውን ወደ ግድግዳው ቀስሮ ጮኸ፦

«ምን ታስለቅሱናላችሁ እናንተ! ልቡ ይኸው ይመታል፤ ሰውዬውን ቀስቅሱት እንጂ!»