ሁለተኛው ሙዚቃ የማይደነስበት አዳራሽ

በፊንላንድ መሀል አገር፣ ሙስታላምፒ በሚባል ትንሽ ሐይቅ ዳር፣ ከእንጨት የተሠራ አንድ የቆየ የዳንስ አዳራሽ አለ። በበጋ ቅዳሜዎች የሚሰበሰቡበት፣ በየምድር ቤታቸው ተቀምጠው በማሽን ሙዚቃ የሚቀምሙ፣ ሬዲዮ የማያውቃቸው፣ ጥቁር በጥቁር የሚለብሱ ሰዎች ናቸው። ተያይዞ መደነስ ብዙም አይሆንላቸውም፤ እያንዳንዱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱን ወደ ድምፅ ማጉያው አዙሮ ለብቻው ይወዛወዛል። ይሁንና ማሽኑ ገና ሲከፈት ከመድረኩ በላይ «የሴቶች ተራ» የሚል ሰሌዳ ያለበት ቀይ አምፖል አብሮ ይበራል፤ ከሴቶቹም አንዷ ከግድግዳው አግዳሚ ተነሥታ አንድ ወንድ ትጋብዛለች። ሁለቱም እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ያ ድም ድም የሚል ነገር ደረታቸውን እየደበደበው፣ እንደ ድሮ ሰው ይደንሳሉ። እስኪለቃቀቁ ድረስ ሙዚቃው አይቋረጥም። ከተለቃቀቁ በኋላ ግን ሁለተኛ አይደንሱም፣ ቢለምኗቸውም አይደንሱም። ምክንያቱን የጠየቅሁት ሰው ሁሉ የየራሱን ስለነገረኝ፣ የምጽፈው እኔም ግራ እንደተጋባሁ ነው።

እንደሚነገረው፣ አዳራሹ ከማሽኑ በፊት የአኮርዲዮንና የታንጎ ቤት ነበር። ደንቡም ጥብቅ ነበር ይባላል፤ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው ወገን ይቀመጣሉ፣ ማን ማንን እንደሚጋብዝ አምፖሉ ይናገራል፣ የተጋበዘ እምቢ አይልም። ጥንዶቹ የሚደንሱት ሁለት ሙዚቃ ነው። አንድ ብቻ ደንሶ መለየት ንቀት ነው፤ ሦስት ከደነሱ ደግሞ መንደሩ ሠርግ ይጠብቃል። ሁለተኛው ሲያልቅ ወንዱ ሴቲቱን ወደ አግዳሚዋ መልሶ፣ አመስግኖ፣ ወደ ቦታው ይሄዳል፤ በዚያው አበቃ።

በዚያ ዘመን ሂልካ የምትባል፣ በወረቀት ፋብሪካው ምግብ ቤት የምትሠራ ሴት ነበረች። ጀልባ የሚሠራውን ኤይኖን ለዓመታት ስትወደው ኖራለች። ኤይኖ ግን፣ ዝም ማለት ነውር ባልሆነበት አገር እንኳ በዝምታው የሚታማ ሰው ነበር፤ አንድም ሴት ጋብዞ አያውቅም። የሴቶች ተራ ሲበራ ሂልካ ወይ ትፈራለች፣ ወይ ሌላዋ ትቀድማታለች። ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ፣ ስዊድን ያለችው እህቷም ሥራ አገኘችላትና ሂልካ የሰኞውን መርከብ ትኬት ቆረጠች። የቀራት አንድ ቅዳሜ ነበር። ዛሬ አንድ ቃል ከተናገረኝ እቀራለሁ፣ ካልተናገረኝ እሄዳለሁ ብላ ለራሷ ቃል ገባች ይላሉ።

በዚያ ቅዳሜ የአኮርዲዮኑ ባንድ ቀረ። አዳራሹን የሚጠብቁት ሽማግሌው ካሌርቮ ሲጨነቁ፣ ሪኩ የሚባል ወጣት ደውሎ ከጓደኞቹ ጋር ሙዚቃ የሚሠራበት አዳራሽ እንደሚፈልግ ነገራቸው። እሱ መከራየቱ ነበር፤ እሳቸው ግን እግዜር ባንድ ላከልኝ ብለው ና አሉት። ሪኩ ራሱ የገጣጠማቸውን ማሽኖች ተሸክሞ ሲደርስ፣ ከረባት ያሰሩ ሽማግሌዎችና ቀሚሳቸውን የተኮሱ ባልቴቶች በሁለት ወገን ተቀምጠው ጠበቁት። እሱ ጓደኞቼ የት ሄዱ ይላል፣ እነሱ አኮርዲዮኑ የት አለ ይላሉ። የሚሠራው ሶኬት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከቀዩ አምፖል ጋር በአንድ ሽቦ የተያያዘ ነው። ሪኩ ማሽኑን ሲከፍት የሴቶች ተራ በራ።

ፀሐይዋ ገና ከሐይቁ በላይ ነበረች፤ አዳራሹም ድም ድም ይል ጀመር። ከአግዳሚው የተነሣ ሰው አልነበረም። የጀልባ ሞተር የመሰላቸው ነበሩ ይባላል። ካሌርቮ ወደ መድረኩ ጠጋ ብለው ሙዚቃው መቼ እንደሚጀመር ቢጠይቁት፣ ሪኩ ተጀምሯል ብሎ መለሰላቸው። እሳቸውም ግራ ገብቷቸው ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

ሂልካ የሰማችው ነገር አልነበረም፤ ያየችው አምፖሉን ነው። ተነሥታ አዳራሹን አቋርጣ ኤይኖ ፊት ቆመች። እሱም እንደ ደንቡ ተነሣ፣ እጇን ያዘ፣ በታንጎ እርምጃ ጀመሩ። ችግሩ ግን ያ ሙዚቃ መጨረሻ የለውም። ማሽኑ ራሱን እየደጋገመ የሚሄድ ነው። ኤይኖ ደንብ አክባሪ ስለነበር የመጀመሪያው ሳያልቅ ሊለቃት አልቻለም፤ ሪኩም በሕይወቱ በእሱ ሙዚቃ ሲደነስ አይቶ ስለማያውቅ ሊያጠፋው አልደፈረም። እሱ እነሱን ይጠብቃል፣ እነሱ እሱን። ሌሎቹም መቀመጡ ሲሰለቻቸው ተነሡ፤ ገሚሱ በታንጎ፣ ገሚሱ በቫልስ፣ ጥንድ ያጣው ደግሞ ለብቻው መወዛወዝ ጀመረ። በአገሩ ለብቻ መደነስ የተጀመረው ያኔ ነው የሚሉ አሉ፤ ይህን እንኳ እኔ አላምንም።

ሂልካ በደስታና በጭንቀት መሀል ሆነች። የያዛት ፈልጎ ነው ወይስ ደንቡ ይዞት? ፊቱን ብታየው የተላገ ሳንቃ ነው፤ ምንም አይነበብበትም። በዚህ መሀል ፊውዙ ተቃጠለ። ድምፁ ቆመ፣ አምፖሉም ጠፋ። አሁን ይመልሰኛል፣ ሰኞም እሄዳለሁ ብላ እንባዋ መጣ። ኤይኖ የጠፋውን አምፖል አየ፣ አግዳሚዋን አየ፣ እጇን ግን አልለቀቀም።

«አንድ ነው የደነስነው» አላት። «ደንቡ ሁለት ነው።»

ፊውዝ እስከሚቀጥለው ሳምንት እንደማይገኝ ካሌርቮ ተናገሩ። ሰኞ መርከቡ ያለ ሂልካ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሪኩ ከነማሽኑ ተመለሰ፣ አምፖሉ በራ፤ ኤይኖም ፀጉሩን አበጥሮ መጋበዙን ይጠብቅ ጀመር። ሂልካ ልትነሣ ስትል ነው ነገሩ የገባት ይባላል። ሁለተኛው ከተደነሰ ወደ አግዳሚዋ ይመልሳታል፣ ያመሰግናታል፣ በዚያው ያበቃል። ሄዳ እግሬን አሞኛል፣ ሁለተኛው ይቆየን አለችው። እሱም መጥቶ በሴቶቹ አግዳሚ አጠገቧ ተቀመጠ። በቀጣዩ ቅዳሜ ጫማዋ ጠበባት፣ ከዚያ በኋላ ወገቧን አመማት። እንዲህ እያሉ በአንድ ቤት አረጁ። ቄስ ባርኳቸዋል የሚሉ አሉ፣ አልባረካቸውም የሚሉም አሉ። ወዶኝ ነው ወይስ ደንቡን ብሎ የሚለው ጥያቄ ከሂልካ ልብ አልወጣም፤ አንድ ቀን ጀልባ ሬንጅ ሲቀባ ብትጠይቀው፣ ሁለተኛው እኮ ይቀረናል ብሎ ሥራውን ቀጠለ ይላሉ።

ኤይኖ ሲሞት ሪኩ ፀጉሩ ሸብቶ ነበር። ሂልካ ከቀብሩ በኋላ ባለው ቅዳሜ ወደ አዳራሹ መጥታ በቦታዋ ተቀመጠች። ሪኩ አጠገቧ ተንበርክኮ፣ ለኤይኖ መታሰቢያ ሁለተኛውን ልክፈተው ወይ አላት።

«ተወው» አለችው። «ማን ወደ አግዳሚዬ ይመልሰኛል?»

ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል ሁለተኛው የማይደነሰው። አምፖሉና ማሽኑም እስከ ዛሬ በአንድ ሽቦ ናቸው፤ ልለያያቸው ያለ ኤሌክትሪሺያን ሁሉ ተባሯል። ይህን ሁሉ ከመስማቴ በፊት እኔም አንድ ቅዳሜ ተጋብዤ ደንሼ ነበር። ስንለቃቀቅ በጨዋ ደንብ ሴትዮዋን ወደ አግዳሚዋ ልመልሳት ብዬ ክንዷን ስይዝ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይወዛወዝ የነበረው ሰው ሁሉ ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። እሷ ግን አግዳሚዋን ትታ፣ እጄን እንደያዘች በሐይቁ በኩል ባለው በር ይዛኝ ወጣች።