ጸጥ ያለው ማቆያ

አንድ ጊዜ፣ ምንጮች ነጥፈው ውሃ ከሩቅ ወንዝ በጀርባ በሚመላለስበት የበጋ ወር፣ የአንዲት አህያ መውለጃ ደረሰ። ንጉሡ አንበሳ ለአራስ የሚሰጠው ዕረፍት አሥር ቀን ብቻ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን እንስራው ጀርባዋ ላይ ይጫናል፤ ውርንጭላዋ ደግሞ ወንዝ ደርሶ የሚመለስበት ጉልበት አይኖረውም። አባትየውን አትጠይቁኝ፤ በተፈለገ ቁጥር ሥራ ላይ ነው።

ስለዚህ አህያዋ ከባድ ሆዷን ይዛ የሕፃናት ማቆያ ፍለጋ ወጣች። መጀመሪያ የሄደችው ከሾላው ዛፍ ሥር የጎረቤት ልጆች ከምትጠብቀው ከጦጣ ዘንድ ነበር። አንዱ ግልገል የጦጣዋን ጅራት ይጎትታል፣ ጥጃው ያለቅሳል፣ የራሷ የጦጣዋ ጆሮ ላይ ወተት ደርቋል።

«እንኮዬ ጦጢት፣ እንደምን ዋልሽ? ቦታ ይኖርሻል?»

«አንድ ቀርቶኛል። ፍየሏም ጠይቃኛለች፤ እስከ ነገ ካላሳወቅሽኝ ለእሷ ነው። ከመወሰንሽ በፊት ግን ግቢና እይ። ልጅሽን ካመጣሽም በኋላ ሳትነግሪኝ በፈለግሽው ሰዓት ብቅ ማለት ትችያለሽ። አንተ! አውጣው ከአፍህ፣ ድንጋይ ነው!»

አህያዋ ጆሮዋን ጣለች። «በዚህ ሁሉ ጩኸት ልጄ እንዴት ይተኛል?» ብላ አሰበችና «አስቤበት እመለሳለሁ» ብላ ወጣች።

መንገድ ላይ ቀበሮ አገኘቻት። ቀበሮ የሌላው ልብ የሚመኘውን ሳይነግሯት ታውቃለች።

«እመት አህዪት፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ! ማቆያ ነው የምትፈልጊው? አያ ጅቦ ከፍቷል እኮ!»

«ጅብ?» የአህያዋ ጆሮ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«የድሮው ጅብ መሰለሽ? ሥጋ ከተወ ዓመት አለፈው። ሦስት ሕፃናት ይዟል፤ የአንዳቸውም ለቅሶ ተሰምቶ አያውቅም።»

አህያዋ ቀበሮዋን ተከትላ የሄደችው ሞኝ ሆና አይደለም። ደክሟት ነው። የደከመች እናት ጸጥታ ሲሏት ልቧ ይሸነፋል።

የአያ ጅቦ ዋሻ ተጠርጓል። ጅቡ ነጭ ጋቢ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ከውስጥ፣ ጥግ ላይ፣ ሦስት ትንንሽ ነገሮች ቡልኮ ለብሰው ተደርድረው ተኝተዋል።

«ግቢ እህቴ፣ ግቢ! ልጁ ወፍራም ነው? የሚወፍረው ከጭኑ ነው ከሽንጡ?»

ቀበሮ በክርኗ ጎሸመችው። «ለአልጋው ልክ ብሎ ነው።»

አህያዋ ወደ ጥጉ አንገቷን አሰገገች። «ልጆቹን ጠጋ ብዬ ልያቸው?»

«ተኝተዋል።»

«አንዱን ብቻ።»

«ተኝተዋል አልኩሽ እኮ! ወደፊትም ስትመጪ ከሦስት ቀን በፊት አስቀድመሽ መልእክት ላኪልኝ።»

በዚህ መሃል ድንገት ምጥ ያዛት። አልቻለችም፣ አናፋች። የአህያን ጩኸት ታውቁታላችሁ። ከዋሻው ጣሪያ አፈር ረገፈ፣ ማዶ ዛፍ ላይ ያሉ ወፎች ግር ብለው ተነሡ። ሦስቱ ሕፃናት ግን ጆሯቸውን እንኳ አላንቀሳቀሱም። ከአንደኛው ቡልኮ ሥር ጭድ ሾልኮ ይታያል።

አህያዋ ሁሉም ነገር ገባት። ጅቡ ከእሷና ከበሩ መሃል ቆሟል፤ ልጁ ደግሞ እየመጣ ነው። እዚህ ከተወለደ አሥር ቀን ቀርቶ አሥር ደቂቃ አይኖርም። እንደምንም ድምጿን አስተካከለች።

«አያ ጅቦ፣ ጸጥታው ደስ ሲል! ሁለት እህቶቼም ነፍሰ ጡር ናቸው። ቦታ ካለህ አሁኑኑ ይዣቸው ልምጣ?»

ጅቡ ምራቁን ዋጠ። «ሦስት አህያ?»

«ከነልጆቻችን ስድስት።»

«አትልቀቃት!» አለች ቀበሮ። «ነቅታብሃለች!»

ጅቡ ዞሮ አፈጠጠባት። «ስድስቱም ለእኔ እንዳይሆኑ ቀንተሽ ነው! አላውቅሽምና!» አለና ከበሩ ገለል አለ። «ሂጂ እህቴ፣ ቶሎ በይ እንጂ!»

አህያዋ እስከ መታጠፊያው በዝግታ ሄደች። ከዚያ ሮጠች። ምጡ ሲይዛት እየቆመች፣ ሲለቃት እየሮጠች፣ «ፍየሏ ቦታውን ወስዳው ይሆን?» እያለች ቁልቁለቱን ወረደች።

ሾላው ጋ ሳትደርስ ለቅሶ ሰማች። ልጆቹ ሁሉ ይጮኻሉ። ጦጣዋ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ወጣች።

«ያ ጩኸት ያንቺ ነው? ለፍቼ ለፍቼ ያስተኛኋቸውን ቀሰቀስሽብኝ እኮ!»

«ሁሉም ነቁ?»

«አንድም አልቀረልኝ!»

አህያዋ እዚያው ቆማ እንባዋ ወረደ። «ቦታውስ? ፍየሏ ወሰደችው?»

«እስከ ነገ አላልኩሽም? ነገ መቼ ደረሰና! ምን ሆነሻል? ወይኔ፣ ምጥ ላይ ነሽ! ግቢ፣ ግቢ!»

ውርንጭላው ፀሐይ ሳትጠልቅ ከሾላው ሥር ተወለደ። የመጀመሪያ ጩኸቱን ሲያሰማ ግልገሎቹም ጥጃውም አብረውት ጮኹ። አያ ጅቦ በዚያ ሰዓት ዋሻውን ዳግመኛ ጠርጎ ስድስቱን ይጠብቅ ነበር። አህያዋ ግን ልጇን አቅፋ፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል፣ ከብዙ ቀን በኋላ የመጀመሪያውን እንቅልፍ ተኛች።

ከዚህ የምንማረው ልጃችንን የምናኖርበትን ቦታ ገና ሳይወለድ በራሳችን እግር ሄደን በራሳችን ዓይን ማየት እንዳለብን፣ ልጆች አሉበት በተባለ ቤት ደግሞ ከጫጫታው ይልቅ ዝምታው ሊያስፈራን እንደሚገባ ነው።