አናጢው ያዘገየው መርዶ

አንድ አናጢ ነበር፤ ሽታሁን ይሉታል። አንድያ ልጁ ሩቅ አገር የጭነት መኪና ሲነዳ በአደጋ ሞተና እዚያው ተቀበረ። ወሬው በስልክ የደረሰው ለአባትየው ብቻ ነው።

በአገሩ ወግ መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ ነው። ሽታሁን ግን ሚስቱ እታፈራሁ የልብ ሕመምተኛ ናትና ፈራ። «ትንሽ ይሻላት» አለ። ከዚያ «ጾሙ ይፈታ» አለ። ከዚያ ደግሞ «ዓመት በዓሉን አላበላሽባትም» አለ። ዛሬ ነገ ሲል ወራት አለፉ። ስለ ልጇ በጠየቀችው ቁጥር «ያለበት ቦታ ስልክ አይሠራም» ይላታል። እሷም ለብርዱ ይሆነዋል ብላ ሹራብ ትሠራለች።

ሰው ግን እንጨት አይደለም። ሽታሁን እንቅልፍ አጣ፣ እህል አልወርድ አለው፤ አንድ ቀን መጋዙ ጣቱን ሊቆርጠው ሲል ለጥቂት ተረፈ። ይህን ያየች የእህቱ ልጅ ከአንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ ጋር በስልክ ቪዲዮ አገናኘችው። አማካሪዋ ሠላሳ ዓመት የሰው ሐዘን ስትሰማ የኖረች፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴት ናት። ረቡዕ ረቡዕ አናጢው የሥራ ቤቱን በር ይዘጋል፣ ስልኩን ጣውላ ያስደግፋል፣ ያለቅሳል። እሷ አታቋርጠውም። ሲጨርስ ቀለል ይለውና ቤቱ ገብቶ ራቱን ይበላል።

ችግሩ አንዲት ጥያቄ ነበረች። «ለባለቤትዎ መቼ ነው የሚነግሯቸው?» ስትለው ስልኩን ይዘጋና «ኔትወርክ ጠፋ» ብሎ መልእክት ይልካል። መቼም በእኛ አገር ኔትወርክ የማይሸከመው ኃጢአት የለም።

በአራተኛው ጊዜ አማካሪዋ ገና ሰላም እንደተባባሉ፣ «አቶ ሽታሁን፣ ኔትወርኩ የሚጠፋው ስለ ባለቤትዎ ስጠይቅዎ ብቻ ነው» አለችው።

አናጢው አቀረቀረ። «ብትሞትብኝስ?»

«መፍራትዎ አያስወቅስዎትም። ሐኪማቸውን እናማክር፣ ሽማግሌዎቹን ይጥሩ፣ የሚሉትንም አብረን እናዘጋጅ። እኔ የማገኝዎት ለእሳቸው መንገር የሚያስችል አቅም እንዲያገኙ ነው እንጂ፣ በእሳቸው ፈንታ ሐዘንዎን ልካፈልዎት አይደለም።»

«እሺ፣ በሚቀጥለው ሳምንት» አለ። ሳምንቱ መጣ። አሁንም «በሚቀጥለው» አለ።

በዚያው ሰሞን እታፈራሁ ሰፈር ውስጥ ለቅሶ ለመድረስ ሄደች። ከሌላ ከተማ የመጣች፣ የልጁን ሞት እዚያ የሰማች አንዲት ሴት፣ መርዶው ለእናቲቱ የተነገራት መስሏት፣ አቀፈቻትና «አንቺንም በልጅሽ እግዜር ያጽናሽ» አለቻት።

እታፈራሁ አልወደቀችም፤ ልቧም ቀጥ አላለም። በእግሯ ቤቷ መጥታ ባሏ ፊት ቆመች።

«መቼ ነው የሞተው?»

«ሰባት ወሩ ነው» አለና ማልቀስ ጀመረ። «እኔስ መቼ ቻልኩት፤ ለአማካሪ እየነገርኩ፣ ረቡዕ በመጣ ቁጥር እያለቀስኩ ነው የከረምኩት።»

«እንግዲያው አንተ አልቅሰሃል» አለችው። «እኔ ገና ዛሬ ልጀምር ነው።»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ እህቷ ቤት ሄደች። ድንኳኑም እዚያ ተተከለ። በማግስቱ ሽታሁን ሲመጣ ሰዎች ከአጠገቧ ቦታ ሊለቁለት ተነሡ፤ እሷ ግን ቀና ብላ አላየችውም። የሟቹ አባት በር አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ፣ ከለቅሶ ደራሾች ጋር ተቀመጠ።

ወዳጄ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ሽታሁን ለአማካሪዋ አልደበቀም፤ በዚህ አልተሳሳተም። የተሳሳተው የምክሩን ሰዓት መሸሸጊያ ማድረጉ ላይ ነው። ጥሩ አማካሪ ይሰማሃል፣ ያበረታሃል፣ መንገዱንም ያሳይሃል፤ መርዶህን ግን አይናገርልህም። ሐዘን አብሮህ የሚያዝን ባለቤት አለው፤ ከእሱ ሸሽገህ ብቻህን ካለቀስክ፣ እሱም በተራው ብቻውን ያለቅሳል።

አንተስ፣ ለሩቅ ሰው እየነገርክ አብሮህ ለሚኖረው ያልነገርከው ምንድን ነው? እስከ መቼስ ነው የምታቆየው?