የጉም አምባ ፈረሶችና የባልደራሱ መሐላ

፦ ተረት ተረት!

፦ ይምጣ ከጥንት!

፦ አልሰማሁም፣ ጮክ በሉ። ተረት ተረት!

፦ ይምጣ ከጥንት!

እንዲህ ነው እንጂ። ጠጋ በሉ። ያቺን ትንሿን ጭኔ ላይ አስቀምጧት። የዛሬው የፈረስ ተረት ነው፤ ግን ያስደነግጣል። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት ቀን እናቴ ወደ ወንዝ ስትወርድ እንኳ ቀሚሷን ይዤ አለቅም ብያለሁ።

በድሮ ዘመን አንድ ጌታ ነበር። ፊታውራሪ ወሰኔ ይባላል። ፈረሶቹ ከብዛታቸው የተነሣ ግማሾቹን በስም አያውቃቸውም። የሚያውቃቸው ደምለው ነበር። ደምለው የጌታው ባልደራስ ነው፤ ፈረሶቹን የሚያበላ፣ የሚያክም፣ የሚገራ እሱ ነው። ሚስቱ አንጓች ትባላለች። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ትርንጎ የምትባል፤ ያኔ ገና ጡት አልጣለችም።

አንድ ዓመት ፊታውራሪው ጦርነት ገጠመና ተሸነፈ። ሠራዊቱም መሸሽ ጀመረ። መንገዱ ድንጋይ ነበርና ዘጠኝ ባዝራዎችና አንድ ድንጉላ አነከሱ። ዘጠኝ ሴቶች፣ አንድ ወንድ። እያነከሱ ወደ ኋላ ቀሩ። ፊታውራሪው ዞሮ አያቸውና ደምለውን ጠራው።

፦ እነዚህን ግደላቸው። ጠላት እንዳይቀመጥባቸው።

፦ ጌታዬ፣ እግራቸው በወር ይድናል።

፦ ወር የለኝም። ግደላቸውና ድረስብን።

ሠራዊቱም ሄደ። ደምለው ጦሩን ይዞ ቆመ። ከባዝራዎቹ አንዷ ዳሚት ነበረች። በእጁ ያዋለዳት፣ እናቷ ስትሞትባት በጨርቅ ወተት እያጠባ ያሳደጋት ናት። መጣችና አፍንጫዋን ብብቱ ሥር ወሸቀች። ጦሩ ከእጁ ወደቀ።

ከዚያም ምን አደረገ? ጉም አምባ የሚባል ተራራ ነበር። ዙሪያው ገደል ነው፤ አናቱ ግን ሜዳ ነው፣ ሣር አለው፣ ምንጭ አለው። ብርዱ አጥንት ይገባል። የሚያስወጣውም አንድ ቀጭን መንገድ ብቻ ነው። ደምለው ፈረሶቹን አንድ በአንድ እየጎተተ አወጣቸውና መንገዱን በድንጋይና በእሾህ ዘጋው። ከዚያም ሮጦ ጌታው ዘንድ ደረሰ።

፦ ገደልካቸው?

፦ ገደልኋቸው ጌታዬ።

፦ እጅህ ላይ ደም አላይም። ማል!

ደምለው ካልማለ ይሞታል፤ ፈረሶቹም ይሞታሉ። ሳያስበው ቃሉ አመለጠው።

፦ ልጄ ትርንጎ ትሙት፣ አንድም በሕይወት የለም!

አያችሁ? ልጁን! ገና አፏን ያልፈታች ልጁን!

ጦርነቱ አለፈ። ፊታውራሪው ታረቀና አገሩ ገባ። ዓመታት ሄዱ፣ ሰባት ዓመት። ደምለው አልፎ አልፎ «ማር ልቆርጥ ነው» ይልና አምባው ላይ ይወጣል። እዚያ ላይ ያለውን ለማንም አልተናገረም። ለሚስቱም አልተናገረም።

በሰባተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በሽታ ገባ። የፈረስ በሽታ። ማታ ደህና የነበረ ፈረስ ጠዋት ዓይኑ አብጦ ይገኛል፤ አመሻሹ ላይ በአፍንጫው አረፋ ይደፍቅና ይወድቃል። አንድ ቀን አምስት ሞተ፣ በማግስቱ አሥራ አንድ። የጌታውም ሞተ፣ የድሃውም ሞተ። በስምንት ቀን ውስጥ በዚያ አገር ቆሞ የሚሄድ ፈረስ ጠፋ። ጅብ እንኳ ጠግቦ መብላት ተወ።

በዚያው ሳምንት ትርንጎን ትኩሳት ያዛት። ገላዋ እንደ ምጣድ ጋለ። እናቷንም አላውቅ አለች። ደምለው ከፈረሶቹ ሬሳ ተመልሶ ሲመጣ ልጁን እንደዚያ አያትና መሬት ላይ ተቀመጠ።

፦ አንጓች፣ እኔ ነኝ የገደልኳት።

፦ ምን ትላለህ አንተ?

፦ ያኔ ግደል የተባልኳቸው አሥር ፈረሶች አልሞቱም። ጉም አምባ ላይ አሉ። ሞተዋል ብዬ በትርንጎ ሞት ማልኩ። መሐላው ነው የያዛት።

አንጓች አየችው። እንግዳ ሰው ቤቷ የገባ መሰላት።

፦ ለፈረስ ብለህ? አለች። ለፈረስ ብለህ በልጄ ራስ?



ሲነጋ ደምለውን ጌታው አስጠራውና ሄደ። አንጓች ልጇን ለገዛ እናቷ ሰጠች። የባሏን ጋቢ ለበሰች፣ ጦሩን ከግድግዳ አወረደች። ልቧ ምን አለ መሰላችሁ? ፈረሶቹ ከሞቱ መሐላው እውነት ይሆናል አለች። እውነት ከሆነ ደግሞ ልጄን ይለቃታል አለች። ሁሉንም ልትጨርሳቸው ነበር የወጣችው። እሾሁን ነቅላ፣ ድንጋዩን ገፍታ፣ በእጇና በጉልበቷ እየዳኸች አምባው አናት ደረሰች።

እዚያም ደንግጣ ቀረች። አሥር ፈረስ ነበር የሰማችው። ሠላሳ ስምንት ናቸው! ደግሞም ከታች እንደምታውቃቸው ፈረሶች አይደሉም። እግራቸው አጠር ያለ ነው። ፀጉራቸው እንደ በግ ጠጉር ወፍሯል፣ ጋማቸው ጉልበታቸው ይደርሳል። ሰኮናቸው ጥቁር ነው፣ ድንጋይ ነው፤ ገደሉ አፍ ላይ እንደ ፍየል ይሄዳሉ። መልካቸው የደረቀ ሣር ይመስላል፤ ቆመው ካላዩአቸው አይታዩም። ሲያዩዋት አልሸሹም፤ ውርንጭሎቻቸውን መሐል አስገብተው ዙሪያውን ቆሙ። ጅብ ሲመጣ እንዲህ ያደርጋሉ።

ከዚያም ከመካከላቸው አንዲት ያረጀች ባዝራ ወጣች። ዳሚት ናት። የጋቢውን ሽታ አወቀችው። ደምለው የመጣ መሰላት። ቀስ ብላ መጣችና አፍንጫዋን በአንጓች ብብት ሥር ወሸቀች።

አንጓች ዓይኗን ጨፈነችና ወጋቻት።

፦ እማማ! ገደለቻት?

፦ ገደለቻት ልጄ። እኔም እንዳንቺ ጮኬ ነበር።

ዳሚት አልጮኸችም። በጉልበቷ ተንበረከከች፣ ከዚያም ተኛች። ሌሎቹም አልሮጡም። እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁማ! የሰው እጅ ሲደባብሳቸው እንጂ ሲወጋቸው አያውቁም። ደርቀው ቀሩ። አንድ ትንሽ ውርንጭላ ከመሐላቸው ወጣና ሬሳው አጠገብ መጣ። የእናቱን ጡት ፈለገ፣ አገኘውና መጥባት ጀመረ።

አንጓች ያን ስታይ ጮኸች። ጩኸቷ ገደሉን ዞረው። ጦሩን ወረወረችው፣ ቁልቁል ሮጠች፣ ወደቀች፣ ተነሣች። ቤቷም አልገባችም። እጇ ደም እንደሆነ፣ ድንጋይ አንሥታ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ፊታውራሪው ግቢ ገባች።

ፊታውራሪው መሬት ላይ ተቀምጧል። የሚወደው ጥቁሩ ጉራች ፈረሱ ፊቱ ሞቶ ተዘርግቷል። እሱ ነበር የመጨረሻው። ደምለው ከፈረሱ ራስጌ ቆሟል። የጌታው የንስሐ አባትም አሉ፣ ሰዉም ተሰብስቧል። አንጓች ከነድንጋይዋ ተደፋች።

፦ ጌታዬ፣ ባሌ ዋሽቶዎታል። ከሰባት ዓመት በፊት ግደል ያሉትን ፈረሶች አልገደለም። ጉም አምባ ላይ አሉ። ተዋልደው ሠላሳ ስምንት ሆነዋል። አንዷን ዛሬ እኔ ገደልኳት። ዳሚትን ገደልኳት። ሌሎቹን አቃተኝ። እኛን እንደፈለጉ ያድርጉን፤ መሐላውን ግን ከልጄ ላይ ያንሡልኝ።

 ፊታውራሪው አፉን ከፈተና መዝጋት አቃተው። ደምለው ደግሞ ጌታውን አላየም፤ የሚስቱን እጅ ነበር የሚያየው።

፦ አሉ? አለ ፊታውራሪው። ፈረሶች በሕይወት አሉ?

፦ አሉ ጌታዬ፣ አለች አንጓች።

ተነሣ። ተመልሶ ተቀመጠ። እንደገና ተነሣ።

፦ ዋሽተኸኛል፣ አለው ደምለውን። ባትዋሸኝ ኖሮ ከእንግዲህ በእግሬ ነበር የምሄደው። ምን ላድርግህ? ንገረኝ እስቲ፣ ምን ላድርግህ?

 ፊታውራሪው ወደ ንስሐ አባቱ ዞረ።

፦ የማለው ለእኔ ነው። እኔ ትቼዋለሁ። እርስዎም ይፍቱት።

ቄሱም መስቀላቸውን አወጡና «ይፍታ» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ትርንጎ ውኃ ጠየቀች። መሐላው ስለተፈታ ይሁን፣ ትኩሳቱ ጊዜው ስላለቀ ይሁን፣ እኔ አላውቅም። ብቻ ውኃ ብላ ጠየቀች። በዚያ አገር ግን ከዚያ ወዲህ በልጁ የሚምል ሰው የለም ይባላል።

ፊታውራሪው በእግሩ አምባው ላይ ወጣ። ፈረሶቹን ባየ ጊዜ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከዚያም አንዱን ወጣት ድንጉላ በገመድ አስያዘ።

፦ ጌታዬ፣ አለ ደምለው፣ አሁን አያውርዱት። በሽታው ታች ነው ያለው፣ ከትንኙ ጋር። ዝናቡ ይቁም፣ ውርጭ ይምታ፣ ትንኙ ይለቅ፤ ያኔ ይወርዳሉ።

፦ ይህን ሁሉ ዓመት ደብቀህ አሁን ደግሞ ልትከለክለኝ ነው?

አወረደው። በአምስተኛው ቀን የዚያ ድንጉላ ዓይን አበጠ። በስድስተኛው ቀን አረፋ ደፈቀና ሞተ። ድንጋይ ላይ የማይንሸራተት፣ ጅብ የማይደፍረው፣ ብርድ የማይገድለው ፈረስ በትንኝ ሞተ! ፊታውራሪው ሬሳው አጠገብ ውሎ አመሸ። በማግስቱ ነጋሪት አስመታ።

፦ የጉም አምባን ፈረስ ደምለው ሳይፈቅድ ያወረደ፣ እኔም ብሆን፣ ጠላቴ ነው!

ውርጩ ሲመጣ ደምለው ጥቂቶቹን ገርቶ አወረደ። አገሩም እንደገና ፈረስ አገኘ። ጥቂት ናቸው፣ ሁሌም ጥቂት ናቸው። ባዶ እጁን ለሚመጣ ይቀርባሉ፤ በትር እንኳ የያዘ ካዩ ግን ውርንጭሎቻቸውን መሐል አስገብተው ይቆማሉ።

ደምለውና አንጓችስ አትሉኝም?

በአንድ ቤት ኖሩ፣ አልተነጋገሩም። እሱ ስለ ዳሚት፣ እሷ ስለ ልጇ። አንዱም ይቅርታ አልጠየቀም። ግን አንጓች ዕለት ዕለት ላሟን እያለበች ወተቱን በቅል ይዛ አምባው ላይ ትወጣለች። የዳሚት ውርንጭላ መጀመሪያ ሸሻት። እጇን አሸተተና ሸሻት። ወተቱን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ርቃ ተቀመጠች። በማግስቱም እንዲሁ። ደምለው ከሩቅ ያያታል። አንድ ወር እንዲህ አለፈ።

አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ቅሏን ባዶዋን ይዛ ወረደች። ደምለው ደጅ ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አያት።

፦ ጠጣልሽ? አላት።

አንጓች ባለችበት ቆመች። ከዚያን ቀን ወዲህ ከእሱ የሰማችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

፦ ጠጣልኝ፣ አለችው። ከእጄ ጠጣ።

ደምለውም ጠጋ አለና አጠገቡ ቦታ ለቀቀላት።

እኔም ይኸው ተናግሬ ደከመኝ፤ እናንተ ሰምታችሁ ጠገባችሁ። እንግዲህ ከቂጣው ቁረሱ፣ ቅቤም ቀቡ፤ የተረተውን አፍ ባዶውን እንዳያድር አጉርሱ።