የደጋው ሰው ጋቢ

ለቆላ ቀበሌዎች ብቻ የሚሰጥ የውኃ ጉድጓድ ድጋፍ መጣ ተባለና፣ አቶ ደምመላሽ የሚባሉ ኃላፊ አንድ ቀበሌ ቆላ መሆን አለመሆኑን ሊያጣሩ ካርታቸውን ታቅፈው መጡ። ከመኪናቸው እንደወረዱ ኮታቸውን አወለቁ፤ ከረባታቸውን ፈቱ፤ ከግራሩ ጥላ ሥር ተቀምጠውም በካርታው ፊታቸውን ያራግቡ ጀመር።

«በካርታው መሠረት ቀበሌያችሁ ደጋ ነው። ድጋፉ አይመለከታችሁም» አሉ።

ሊቀበሏቸው የወጡት የቀበሌው ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ። ውኃ በመቅዳት ጀርባዋ የጎበጠ አንዲት ምላሰኛ ሴት ግን እንስራዋን አስቀምጣ ቤቷ ገባችና የባሏን ወፍራም ጋቢ ይዛ ወጣች።

«ካርታው ደጋ ካለማ ደጋ ነው፣ ጌታዬ» አለች፣ ጋቢውን ትከሻቸው ላይ እየደረበች። «በሉ እንግዲህ ከጥላው ወጣ ብለው ፀሐይ ይሙቁ፤ አገራችን እንግዳ አይምርም፣ ብርድ ይመታዎታል። ደግሞ ምነው ማራገብዎ? የደጋ ነፋስ አነሰዎት?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ደምመላሽ ላባቸው በአገጫቸው እየተንጠባጠበ እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው መዘዙ።

«ቆላ ነው፣ እፈርማለሁ! ብቻ ይህን ጋቢ አንሱልኝ!»