ጋቢ የለበሰው ግድግዳ

አንድ ሰው ነበረ። በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ እሁድ እሁድ የቤተ ክርስቲያኑን ድምፅ ማጉያ የሚቆጣጠር ጨዋ ሰው። እናቱ ወይዘሮ ታፈሰች ሁልጊዜ የሚቀመጡት ፊት ወንበር ላይ ነበር። አንድ እሁድ ግን ነጠላቸውን ሳያነሡ ቤታቸው ቁጭ አሉ።

«እማዬ፣ ተነሺ እንጂ፤ ረፈደ።»

«ሂድ አንተ። እኔ ከዛሬ ጀምሮ እዚሁ ቤቴ ነው የምጸልየው።»

«ምነው? አመመሽ?»

«ምንም አላመመኝ። ድምፁስ ይሰማኛል፤ ቃሉ ነው የማይለይልኝ። በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ሰው ይመስለኛል። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፤ ሰው አሜን ሲል አሜን እላለሁ። እግዜርን እስከ መቼ ልሸውደው?»

እስቲ አስቡት። የጉባኤው ሁሉ ድምፅ በእጁ ነው፤ የገዛ እናቱ ግን አይሰሙም። አባቱ ከሞቱ ወዲህ ደግሞ እናቱ ከቤት የሚወጡት ለዚያች እሁድ ብቻ ነበር። ያቺም እሁድ ከቀረች ምን ቀራቸው?

ምን አደረገ? እኔና እናንተ የምናደርገውን አደረገ። ድምፁን ከፍ አደረገው። አልሆነም። ሌላ ድምፅ ማጉያ ተውሶ ጨመረ። ጭራሽ ባሰ። ሽማግሌው አቶ መኩሪያ ጆሯቸውን ይዘው መጡና፣ «ልጄ፣ እናትህን ለማሰማት ብለህ እኛን ልታደነቁረን ነው?» አሉት።

እናቱም አዘኑለት። «ተወው፣ አትድከም። በጎረቤታችን በጋሽ ጥላዬ ቀብር ዕለት ግን እዚያው አዳራሽ ውስጥ አንድ ቃል እንኳ አላመለጠኝም ነበር። ያን ዕለት ምን አድርገህ ነው?»

ሰውየው ግራ ገባው። «እማዬ፣ ያን ቀን እኮ መብራት ጠፍቶ ነበር። ማይኩም አልሠራም።»

«እንግዲህ እኔ ሰምቻለሁ» አሉ እናቱ።

በማግስቱ ብቻውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሄደ። መሐል ላይ ቆሞ አንዴ አጨበጨበ። ጭብጨባው ከአንዱ የሲሚንቶ ግድግዳ ወደ ሌላው እየነጠረ ወደ ራሱ ተመለሰ። ያኔ የቀብሩን ዕለት አስታወሰ። ክረምት ነበር። ሰዉ እስከ በሩ ታጭቆ ነበር፤ ሁሉም ጋቢውን ደርቧል። ያን ዕለት ድምፁ የሚያርፈው ሰው ላይ ነበር። ሰውና ጋቢው ድምፁን ተቀብለው ያስቀሩታል፤ መልሰው አይወረውሩትም። በሌላው እሁድ ግን ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ግድግዳው አንዱን ቃል እየመለሰ ከሚቀጥለው ቃል ጋር ያደባልቀዋል።

ከስስ ጣውላ ክፈፎች ሠራ። አሮጌ ጋቢ ያለው ሁሉ እንዲያመጣ ለመነ። የጋሽ ጥላዬ ባለቤት የባላቸውን ጋቢ አጥበው አመጡ። ጋቢዎቹን እያጠፈ በክፈፎቹ ውስጥ ሞላ፤ ከላይ አቡጀዴ አለበሳቸው። ትራስ ቢሉ ትራስ ነበሩ። በጣም ስለቀለሉት በማጣበቂያ ግድግዳው ላይ ለጠፋቸው፤ በጸሎት መሐል አንዱ ተላቀቀና አቶ መኩሪያ ትከሻ ላይ አረፈ። «መልአክ የዳሰሰኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ!» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ በኋላ ሁሉንም በምስማር ሰቀላቸው።

እናቱን ለመናቸው። «አንዲት እሁድ ብቻ። ካልተሰማሽ ሁለተኛ አልጨቀጭቅሽም።»

ሄዱ። ስብከቱ አለቀ። እናቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ፤ እሱም መጠየቅ ፈራ። መንገዱን ሲያጋምሱ ቆም አሉ።

«ስማ፣ ሰባኪው ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ አላለም?»

«ብሏል።»

«የነገረን እኮ ሁለቱን ነው። ሦስተኛውን የት ጣለው? በሚቀጥለው እሁድ እጠይቀዋለሁ።»

በሚቀጥለው እሁድ! ልጁ ከዚህ ሌላ መስማት የፈለገው ነገር አልነበረም።

ወገኖቼ፣ እኔ ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ አልልም፤ እንደ እማማ ታፈሰች ያሉትን እፈራለሁ። አንድ ብቻ ልናገር። በዚያ ቀብር ጋቢያቸውን ደርበው የመጡት ሰዎች ለአንዲት እናት ቃሉን እያሰሙ እንደሆነ ያውቁ ነበር? አያውቁም። መጡ፤ ተቀመጡ። በቃ። እነዚያ ጋቢዎችስ ኋላ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት በማን ቦታ ነው? በቀሩት ሰዎች ቦታ ነው።

«እኔ አልዘምር፣ አልሰብክ፤ ብቀር ምን ይጎድላል?» አላላችሁም? እኔ ብያለሁ። ቤታችሁስ? ልጃችሁ፣ ባላችሁ፣ ሚስታችሁ «አልገባኝም» ሲሏችሁ ምን አደረጋችሁ? ድምፃችሁን ከፍ አላደረጋችሁም? ያ ሰው የጎደለው ጩኸት ነው? ወይስ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው?

በዚህ ሳምንት ወደ አንድ ሰው ሂዱ። ምክር ይዛችሁ አትሂዱ፤ ሄዳችሁ ተቀመጡ። እናንተ ስለተቀመጣችሁ ብቻ የሚሰማ ነገር አለ።

አሁን ወደ ጎናችሁ ዞር በሉ። ባዶ ወንበር አለ? ማን ነበር እዚያ የሚቀመጠው?