አያ ይመር ቤታቸውን ያለ ደላላ የሸጡ ጊዜ

ደሴ ላይ ዕድሜ ጠገብ ሰው ካገኛችሁ ስለ አያ ይመር ጠይቁት። መልስ ከመስጠቱ በፊት ይስቃል። እኔም የሰማሁት ከእንዲህ ካሉ ሰዎች ነው፤ ከራሴ የጨመርኩት ቢኖር እንኳ ደላላ የሚጨምረውን ያህል አይሆንም።

የነገሩ መነሻ የባለቤታቸው የእትዬ የሺመቤት ጉልበት ነው። የደሴ ብርድ ይዟቸው አላስነሳ ሲል፣ «ቆላ ካልወረዱ ዘንድሮ ክረምቱን አይወጡትም» ተባለ። አያ ይመር ባለሥልጣን የማይፈሩ ሰው ነበሩ፤ ይህን ሲሰሙ ግን ፈሩ። ቤታቸውን ሸጠው ከሚሴ ልጃቸው ዘንድ ሊወርዱ ቆረጡ።

ወሬውን የሰማው ደላላው አሰን ከተፍ አለ። ጣሪያው አርጅቷል፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ በሩ ጠቧል እያለ ዋጋውን ቁልቁል ነዳው። በማግስቱ ገዢ ይዞ መጣና ያንኑ ጣሪያ፣ ያንኑ ግድግዳ ሰማይ ሰቀለው። አያ ይመር ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና፣

«አሰን፣ ቤቱን በአንድ ሌሊት ያዳንክበትን መድኃኒት እስቲ የየሺመቤትንም ጉልበት ቀባልኝ!»

አሰን ተቆጥቶ ገዢውን እየጎተተ ወጣ። አያ ይመርም ከዚያ ወዲያ ደላላ በደጄ አይለፍ ብለው ራሳቸው ሊሸጡ ተነሱ።

መጀመሪያ የመጡት በስስታቸው አገር የሚያውቃቸው ነጋዴው አቶ ምትኩ ነበሩ። ቤቱን ሊያዩ በመጡ ቁጥር ምሳ ይደርሳል፤ ምሳ ከበሉ በኋላ ደግሞ ነገ ተመልሼ ልየው ይላሉ። እንዲህ ሲመላለሱ ሰንብተው በመጨረሻ አፋቸውን እየጠረጉ፣ «ቤቱስ ደህና ነው፤ ትንሽ ቀንሱልኝ» አሉ።

«እየቀነስንልዎት አይደል እንዴ? ጓዳውን ጨርሰዋል፤ የቀረው ሳሎኑ ነው!»

አቶ ምትኩ ከዚያ ወዲያ አልታዩም።

አጥር የሚጋሯቸው ፊታውራሪ ጓንጉል ግን ቤቱን የበቅሎ ጋጣ ሊያደርጉት ቋምጠው ኖሮ፣ አሰን ገዢ ማምጣቱን ሲሰሙ፣ ዳግም ገዢ ያመጣ ደላላ ወዮለት ብለው ነበር። አንድ ቀን አያ ይመርን አስጠሩና የጋጣ ዋጋ ሰጧቸው። «ይመር፣ ካልፈለግህ ተወው። አጥሩ ከእኔ አጥር ጋር የገጠመ ቤት ማን ደፍሮ ይገዛልሃል?»

«እውነትዎን ነው ጌታዬ። ከቤቱ ጉድለት ሁሉ ማደስ ያቃተኝ እሱ ብቻ ነው።»

ተገፍተው ወጡ። ቤት ደርሰው ይህንኑ እየሳቁ ሲያወሩ እትዬ የሺመቤት አልሳቁም። ደጅ ካፊያ ጀምሯል። «አንቱ ሰው፣ ምላስዎ ያስቃል እንጂ ቤት አያሸጥም» አሉና ጉልበታቸውን አቅፈው አለቀሱ። አያ ይመር ጋቢያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ደረቡላቸው።

በሳምንቱ አንድ የወረኢሉ ቆዳ ነጋዴ ገበያ ላይ አሰንን አግኝቶ፣ የሚሸጥ ቤት ታውቃለህ ወይ አለው። አሰንም በጣቱ ወደ አያ ይመር ቤት ጠቁሞ፣ «ያቺን ብቻ እንዳትገዛ! ጋኔን አለባት» አለ። ነጋዴው እንዲህ የተጠላ ቤት ምን ይመስላል ብሎ ሄደና፣ «አባቴ፣ ጋኔን አለ የሚሉት እውነት ነው?» ሲል ጠየቀ።

«ነበረ። ደላላ የገባህበትን የድለላ ክፈል ቢለው ጥሎ ጠፋ!»

ነጋዴው በሳቅ ግድግዳውን ተደገፈ። ግድግዳው ደግሞ ቻለው። ሽማግሌ ተጠርቶ ዋጋው ተቆረጠ፤ እርጥብ ቆዳም በፊታውራሪ አጥር ላይ ይሰጣ ጀመር።

እትዬ የሺመቤት በቅሎ ላይ ወጥተው ጉዞ ሊጀመር ሲል አሰን፣ «ቤቱን ያሳየሁት እኔ ነኝ፣ የድለላዬን!» ብሎ ልጓሙን ያዘ። ልጓሙን ሳይለቅ ወደ ዳኛ ደጅ ተሄደ። ዳኛው የፊታውራሪ አማች ናቸው። ነጋዴው ተጠርቶ፣ አሰን ቤቱን በጣቱ ማሳየቱን፣ አትግዛ ማለቱንም መሰከረ። ዳኛው ጢማቸውን እያሻሹ፣ «አትግዛም ይበል ግዛ፣ ገዢው ቤቱን ያወቀው በእሱ ነው። አሰን አሻሽጧል፤ ይከፈለው» ብለው ፈረዱ።

ዝናቡ እየበረታ፣ እትዬ የሺመቤት በቅሎዋ ላይ እየተንቀጠቀጡ ነበር። አያ ይመር ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ከዚያም ዳኛውን ሳይወዱ ያሳቀውን፣ አሰንን ልጓሙን ያስለቀቀውን፣ በቅሎዋንም የከሚሴን ቁልቁለት ያስጀመረውን ቃል ተናገሩ፦

«ፍርድ ነው ጌታዬ። እሱ ‹አትግዛ› ብሎ ካሻሻጠልኝ፣ እኔም ይኸው ‹አልከፍልም› ብዬ ከፈልኩት!»